ትሮምቢንን ከነገቺው በሥዕል ስታዩ የምትሳሳቱባቸው ቦታዎች

ቁስል ሲደማ ደሙን ለማርጋት ብዙ ፕሮቲኖች ተራ በተራ ይነሳሉ። መጨረሻ አካባቢ ያለውን ወሳኝ ሥራ የሚሠራው ትሮምቢን የሚባለው ኢንዛይም ነው። በደም ውስጥ ሟሙቶ የሚዘዋወረውን ፋይብሪኖጅን ይቆርጥና ፋይብሪን ያደርገዋል። ፋይብሪኑ ተያይዞ መረብ ይሠራል። ይኸው ሥራ ያለ ቦታው ከተሠራ ግን የደም ሥር ይዘጋል። ትሮምቢንን የሚገቱ መድኃኒቶች የተሠሩት ለዚህ ነው። ኢንዛይሙን የሚገታውን ሞለኪውል ገቺ እለዋለሁ።

መድኃኒቱ ኢንዛይሙ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚያሳዩ የክሪስታል ሥዕሎች በፕሮቲን ዳታ ባንክ በነፃ ይገኛሉ። ማንም አውርዶ፣ አዙሮ፣ አጉልቶ ማየት ይችላል። እኔ ይህንን እንደ ትልቅ ስጦታ ነው የማየው። ሥዕሉ ግን ያምራል፤ ያማረ ነገር ደግሞ ቶሎ ይታመናል።

ሥዕሉን እንደ ፎቶ መቁጠር

የስህተቶች ሁሉ እናት ይህ ነው። ኤክስሬይ የፕሮቲኑን ክሪስታል ሲመታ ይበተናል። ከብተናው የኤሌክትሮን ጥግግት ካርታ ይሰላል። ካርታው ደመና ይመስላል። አቶሞቹን ደመናው ውስጥ የሚያስቀምጠው ተመራማሪው ነው። ስለዚህ የምታዩት ሞዴል ነው፤ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሞዴል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 ተመራማሪው ቦዴና ባልደረቦቹ የሰውን ትሮምቢን ፒፓክ ከተባለ ገቺ ጋር ሆኖ ሲያሳዩ ዝርዝሩ 1.9 አንግስትሮም ደርሶ ነበር። አንድ አንግስትሮም ከሜትር አሥር ቢሊዮን እጅ አንዱ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሥዕሉ ይበልጥ ይጠራል። ይህ በጣም ጥሩ ነው፤ ያም ሆኖ በዚህ ደረጃ ሃይድሮጂን አይታይም። በነጠብጣብ የተሰመረው የሃይድሮጂን ቦንድ የተገመተው በአቶሞቹ ርቀትና አቅጣጫ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ካርታውን ክፈቱና ገቺው ላይ ያለውን ደመና ብቻ እዩ። ከገቺው አንዱ ክንድ ደመና ከሌለው፣ ያ ክንድ ይወዛወዛል ወይም ቦታው ግምት ነው። በእሱ ላይ ተመሥርታችሁ ምንም አትደምድሙ።

ቁጥሮቹን ከአንድ ጀምሮ መቁጠር

የሚቆርጠው አሚኖ አሲድ ሴሪን 195 ይባላል። ከፕሮቲኑ መጀመሪያ ቆጥራችሁ 195ኛው ላይ ብትደርሱ ግን አታገኙትም። ቁጥሩ ካይሞትሪፕሲን ከተባለ ዘመዱ የተወሰደ ነው። ትሮምቢን ላይ ተጨማሪ አሚኖ አሲድ ሲኖር ቁጥሩ ላይ ፊደል ይጨመርለታል፤ ከ60ኛው ቀጥሎ ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች እንዲህ ገብተዋል። እነሱ የመቁረጫውን ቦታ እንደ ክዳን ስለሚያጠቡት አትዝለሏቸው።

የተጣበቀውን ሁሉ መድኃኒት ማለት

ብዙ የትሮምቢን ሥዕሎች ላይ ከመቁረጫው ራቅ ብሎ አንድ አጭር ፔፕታይድ ተለጥፎ ይታያል። ከአልቅት ከተገኘው ሂሩዲን ጅራት የተወሰደ ነው። የሚቀመጠው ፋይብሪኖጅን በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ የጨመሩት ኢንዛይሙ እንዲረጋጋና ጥሩ ክሪስታል እንዲገኝ ነው። የሚጠናው ገቺ ሌላ ነው፤ መቁረጫው ኪስ ውስጥ ፈልጉት።

ሶዲየምም እንዲሁ ያሳስታል። የሶዲየም አዮንም ውሃም አሥር አሥር ኤሌክትሮን ስላላቸው ካርታው ላይ ይመሳሰላሉ። የሚለዩት በርቀት ነው፤ ሶዲየም ኦክስጅኖቹን ይበልጥ ወደ ራሱ ያስጠጋል። ለትሮምቢን ይህ ተራ ነገር አይደለም። ሶዲየም ሲይዝ ፋይብሪኖጅንን በደንብ ይቆርጣል።

የጎደለውን የለም ማለት

ሥዕሉ ላይ የአሚኖ አሲዶቹ ክር መሐል ላይ ከተቋረጠ ኢንዛይሙ ተቆርጧል ማለት ላይሆን ይችላል። 148ኛው አሚኖ አሲድ አካባቢ ያለው የክሩ እጥፋት ብዙ ጊዜ ስለሚንቀሳቀስ አይታይም። የትሮምቢን ጎረቤት በሆነው ሌላ የደም ማርጊያ ኢንዛይም፣ በፋክተር 10ኤ ደግሞ፣ ካልሲየም የሚይዘው ክፍል ብዙ ጊዜ ከክሪስታሉ በፊት ተቆርጦ ይወጣል። ፋይሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ጥልቁ ኪስ የግድ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይፈልጋል ብሎ ማመን

ይህ የተማሩ ሰዎች ስህተት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ትሮምቢን የሚቆርጠው በአብዛኛው ከአርጂኒን ቀጥሎ ነው። የአርጂኒን ፖዘቲቭ ጫፍ ኪሱ ውስጥ ይገባና ግርጌ ላይ ካለው ኔጋቲቭ አስፓርቴት 189 ጋር ይያያዛል። የቀድሞ ገቺዎች ይህንን ኮረጁ። ዳቢጋትራን የተባለው መድኃኒትም ይህንኑ ያደርጋል። ግን እንዲህ ያለ ቻርጅ ያለው ሞለኪውል አንጀት ውስጥ በቀላሉ አያልፍም። ስለዚህ በሽተኛው የሚውጠው ዳቢጋትራን ኤቴክሲሌት የተባለ የተሸፈነ መልክ ነው፤ ሽፋኑ የሚነሳው ሰውነት ውስጥ ነው። የሚውጡትንና ክሪስታሉ ላይ ያለውን አንድ አድርጋችሁ አትሣሉ።

ሪቫሮክሳባን የተባለው መድኃኒት ሌላ መንገድ ያዘ። የሚገታው ፋክተር 10ኤን ነው፤ እሱም ኪሱ ግርጌ ያው አስፓርቴት አለው። ሪቫሮክሳባን ግን አስፓርቴቱን ትቶ ክሎሪኑን ወደ ታይሮሲን 228 ቀለበት ያዞራል። ፖዘቲቭ ቻርጅ የለውም፣ በአፍ ይወሰዳል፣ ኢንዛይሙንም አጥብቆ ይይዛል። ይህንን ሥዕል ላይ ማየት ለእኔ እስካሁን ደስ ይለኛል።

ሁሉም ገቺ አንድ ዓይነት አያያዝ አለው ማለት

ፒፓክ ከሴሪን 195ና ከሂስቲዲን 57 ጋር በኬሚካዊ ቦንድ ይጣበቃል፤ አይለቅም። ዳቢጋትራን ይይዛል፣ ይለቃል። ሥዕሉ ላይ ሁለቱም ኪስ ውስጥ የተቀመጡ ይመስላሉ። ልዩነቱን የምታዩት ከሴሪኑ ኦክስጅን እስከ ገቺው ያለውን ርቀት ስትለኩ ነው። 1.5 አንግስትሮም አካባቢ ከሆነ ቦንድ ነው፤ 3 ከሆነ ጉርብትና ነው።

ሂሩዲን ደግሞ ለብቻው ነው። 65 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ጅራቱ ፋይብሪኖጅን የሚያርፍበትን ቦታ ይዞ፣ የፊተኛው ጫፉ መቁረጫው ውስጥ ይገባል። የሚገባው ግን ትሮምቢን ከሚቆርጣቸው ፕሮቲኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ አይቆረጥም። ትሮምቢንን አጥብቀው ከሚይዙት ሁሉ ግንባር ቀደሙ እሱ ሆኖ ሳለ፣ ያንን ሁሉም የሚሽቀዳደምበትን ጥልቅ ኪስ አይሞላውም።