በድሬዳዋ የጥቂት ባለሀብቶችን ተጽዕኖ በሕግ ለመገደብ

መጀመሪያ ሀብት ወደ ሥልጣን የሚሻገርበትን በር መለየት ያስፈልጋል፤ በሩም ብዙውን ጊዜ የመንግሥት ጨረታ፣ የመሬት ሊዝ ወይም የጅምላ ንግድ ነው። ነዋሪው በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት አንድን ጨረታ ማን በስንት ብር እንዳሸነፈ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መልስ በ30 ቀናት ውስጥ ሊሰጠው ይገባል፣ ቢከለከልም ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል። ጥያቄው በአንድ ውል ላይ ቢያተኩር ይመረጣል፤ «ሁሉንም ስጡኝ» የሚል ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

በከፊራ ገበያ የጅምላ ዋጋ በአንድ ቀን ሁሉም ዘንድ እኩል ቢንር፣ ያ ብቻውን የመመሳጠር ማስረጃ አይሆንም (የምንዛሪ ለውጥም ያንኑ ያደርጋል)፤ ነገር ግን ደረሰኞችን ከነቀናቸው አሰባስቦ ለንግድ ቢሮ የሚያቀርብ ሰው፣ ዋጋን ተስማምቶ መወሰንንና በጨረታ መመሳጠርን የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 813/2006 መጥቀስ ይችላል። በአቤቱታው የነጋዴውን ብሔር ወይም ሃይማኖት ማንሳት ግን ስሕተት ነው፤ ተከሳሹ ወገኖቹን ከኋላው ለማሰለፍ ምክንያት ያገኛል። ቸርቻሪዎችም በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው በጋራ ቢገዙ የአንድ አከፋፋይ ጥገኛ መሆናቸው ይቀንሳል፤ ማኅበሩ ራሱ በጥቂቶች እጅ እንዳይወድቅ ሒሳቡ በየዓመቱ ተመርምሮ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቅረብ።