ጉልበት ላይ መርፌ ከተወጋችሁ በኋላ ለሚመጣ ችግር፦ መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ

እናቴ አምና የቀኝ ጉልበቷን መርፌ ተወጋች። ከክሊኒኩ ስንወጣ ደህና ነበረች። እንዲያውም ቀልሎኛል፣ ባጃጅ ለምን፣ ከጎንደር ፒያሳ በእግራችን እንውረድ ብላ አስቸገረችኝ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ግን ብርድ ልብሱ ጉልበቷን ሲነካት እንኳ መቻል አቃታት። "ልጄ፣ ከነበረው ባሰብኝ እኮ! ምን ይሆን የወጉኝ?" አለችኝ። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። የወጋት ባለሙያ እጁ ጥሩ ነበር፣ ግን ምን ሊመጣ እንደሚችል አንዲት ቃል አልነገረንም።

ያን ሌሊት ሳንተኛ አደርን። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞችን ጠየቅሁ፣ አነበብኩ፣ የሰፈር እናቶችንም ይዤ ተመላለስኩ። አንድ ነገር ገባኝ። ከመርፌ በኋላ ጉልበት ሲያም ዋናው ጥያቄ "ምን ያህል ያማል?" ብቻ አይደለም። "መቼ ጀመረ?" የሚለው ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ህመምና የ3ኛው ቀን ህመም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ በራሱ ይሄዳል፣ ሌላው ጉልበቱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የተወጋችሁበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ።

የመድኃኒቱን ስምም ያዙ። እኛ ሁሉንም "መርፌ" ብለን ነው የምንጠራው። ለቁርጥማት ተብሎ ቂጥ ላይ የሚወጋው ዳይክሎፌናክ ሌላ ነው፣ እዚህ የማወራው ስለ እሱ አይደለም። መገጣጠሚያው ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ስቴሮይድ (የመገጣጠሚያን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) ነው፤ ትራያምሲኖሎን (ኬናሎግ የሚባለው) ወይም ሜቲልፕሬድኒሶሎን (ዴፖ ሜድሮል)። አንዳንዱ ደግሞ ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባል ጄል ነው። ብልቃጡን ከመጣሉ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ነገ ሌላ ሐኪም ጋ ብትሄዱ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።

ወዲያው፦ ራስ ማዞር ወይም እግር መክዳት

ማዞሩ ብዙ ጊዜ የድንጋጤ ነው። ጋደም ብሎ እግርን ከፍ ማድረግ ይበቃል፣ በደቂቃዎች ይለቃል። ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ሰውነት ካሳከከ፣ ትንፋሽ ካጠረ ግን አለርጂ ሊሆን ስለሚችል እዚያው ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ከተወጋችሁ በኋላ 20 ወይም 30 ደቂቃ ተቀምጣችሁ ውጡ የምለውም ለዚህ ነው።

እግር የከዳው ደግሞ ከስቴሮይዱ ጋር በሚቀላቀለው ማደንዘዣ ነው። ሊዶኬይን ይባላል። ለጥቂት ሰዓት ጉልበቱ የራሳችሁ አይመስላችሁም። እናቴ "ቀልሎኛል" ያለችው እሱን ነው። አልዳነችም፣ ደንዝዛለች። የጎንደርን ዳገትና ቁልቁለት ታውቁታላችሁ፣ ኮብልስቶኑንም ጭምር። በዚያ ሰዓት ባጃጅ ያዙ።

የመጀመሪያው ሌሊት፦ ጉልበቱ ነደደ፣ ጠዘጠዘ

ምክንያቱ ይህ ነው። ስቴሮይዱ ጥርት ያለ ውሃ አይደለም። በጣም ደቃቅ ክሪስታሎች አሉት፣ ብልቃጡ ሲናወጥ ነጭ ደፍራሽ የሚመስለው ለዚያ ነው። እነዚህ ክሪስታሎች የመገጣጠሚያውን ሽፋን ያስቆጡታል። መድኃኒቱ ገና ሥራውን ሳይጀምር ቁጣው ይቀድማል። ሁሉንም ሰው አይይዝም፣ ጥቂቱን ነው። በተወጉበት ቀን ወይም በማግስቱ ይጀምርና ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን "እየቀነሰ" የሚለውን ቃል ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ምን ይደረግ? ቅዝቃዜ። ትንሽ የውሃ ፕላስቲክ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡና በነጠላ ወይም በፎጣ ጠቅልላችሁ ጉልበቱ ላይ 15 ደቂቃ ያዙት። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይደጋገም። በባዶ ቆዳ ላይ አይሁን፣ ያቃጥላል። ፍሪዘር ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅም ይረዳል። ለህመሙ ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም 2 ፍሬ፣ በቀን ከ3 ጊዜ ሳይበልጥ። ጉበት የሚያመው ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይውሰድ። ዳይክሎፌናክ በላዩ ላይ መደረብ፣ በተለይ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ግፊት ላለበት ሰው፣ ጥሩ አይደለም።

አትሹት። አውቃለሁ፣ ጉልበት ሲያም እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቅባት ነው፣ ካልሆነም ወጌሻ እንጠራለን። በእነዚህ ቀናት ማሸት ቁጣውን ይጨምራል።

ስግደትም 2 ቀን ይቆይ። እናቴን ያስቸገረኝ ይህ ነበር። ለስቅለት ሰሞን የምትወጉ ከሆነ ቀኑን ከሐኪሙ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ ትናንት ተወግቶ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ የዋለ ጉልበት ማታ ቢያብጥ ጥፋቱ የመርፌው አይደለም። በርጩማ ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥም እንደዚያው ነው። ወንበር ላይ ሁኑ።

ከ2 ወይም 3 ቀን በኋላ፦ ህመሙ ከመቀነስ ይልቅ ጨመረ

እዚህ ጋ ቆም በሉ። መገጣጠሚያው ውስጥ ባክቴሪያ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ብርቅ ነው፣ ከብዙ ሺህ መርፌ አንድ ቢያጋጥም ነው። ሲያጋጥም ግን የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም መግል የያዘ መገጣጠሚያ ካርቲሌጁን (አጥንቱን የሚሸፍነውን ለስላሳ ነገር) በቀናት ውስጥ ይበላዋል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ህመሙ በየቀኑ ይብሳል። ጉልበቱ ያብጣል፣ ያተኩሳል። ማጠፍም መዘርጋትም አይቻልም፣ መሬት መርገጥ ያቅታል። ብርድ ብርድ ይላል፣ ትኩሳት ይመጣል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ አዛውንትና የስኳር ህመምተኛ ላይ ትኩሳቱ ላይኖር ይችላል። "አላተኮሳትም እኮ" ብላችሁ አትዘናጉ።

ደግሞም አደራ የምላችሁ፦ ፋርማሲ ገብታችሁ አሞክሳሲሊን አትጀምሩ። ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ ሐኪሙ ከጉልበቱ ፈሳሽ በመርፌ ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ መላኩ ነው። ከዚያ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜም መገጣጠሚያው ውስጡ ይታጠባል። አስቀድማችሁ ኪኒን ከዋጣችሁ ባክቴሪያው በምርመራ ላይታይ ይችላል፣ በሽታው ግን ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል። ስለዚህ ፋርማሲውን እለፉትና ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ግቡ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሌሊትም ክፍት ነው። "ከዚህን ያህል ቀን በፊት ጉልበቴን መርፌ ተወግቼ ነበር" የሚለውን መጀመሪያ ተናገሩ።

ከሩቅ ለሚመጡ ሰዎች ይህ ይከብዳል። ከደባርቅ የመጣች እናት ጠዋት ተወግታ ከሰዓት መኪና ተሳፍራ ብትመለስ፣ በ3ኛው ቀን ሲያማት 100 ኪሎ ሜትር ርቃ ነው። የሚቻል ከሆነ ዘመድ ቤት 2 ወይም 3 ቀን ብትሰነብት ደስ ይለኛል። ካልሆነም የክሊኒኩን ስልክ ይዛ ትሂድ፣ ቤት ያሉ ልጆቿም ምልክቱን ይወቁት።

መከላከያውስ? ከመወጋታችሁ በፊት ጉልበቱ ላይ ቁስል፣ እባጭ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ካለ ተናገሩ፣ መርፌው ይቆይ። ከተወጋችሁ በኋላ ጉልበቱን ለ2 ቀን ውሃ ውስጥ አትንከሩት። ውሃ እያፈሰሱ መታጠብ ይቻላል። ጸበልም ቢሆን መጠጣቱ ምንም አይደለም፣ መጠመቁን ግን ለ2 ቀን አቆዩት። ጥር 9 ተወግቶ ጥር 11 ጠዋት ፋሲል መዋኛ ውስጥ መግባት በጣም ቅርብ ነው። በዚያ ሰሞን ከዳር ሆኖ መረጨቱ ይሻላል።

ስኳር ድንገት ወጣ

ጉልበት ውስጥ የገባ ስቴሮይድ እዚያው ብቻ አይቀርም፣ ትንሹ ወደ ደም ይገባል። ጉበት ስኳር እንዲለቅ ያደርጋል፣ ኢንሱሊንም እንደልቡ እንዳይሠራ ያደርጋል። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከፍ ይልና እስከ አንድ ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በምግቡ ተሳስቶ አይደለም። ጎረቤታችን እናት በዚህ ምክንያት "ምን በልቼ ነው?" እያሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ ሰንብተዋል። አሳዘኑኝ።

መፍትሄው ቀላል ነው። ለ1 ሳምንት ጠዋትና ማታ ለኩ፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ። መለኪያ ከሌላችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ኢንሱሊኑን ራሳችሁ አትጨምሩ፣ አታቁሙም፤ ክትትል የሚያደርግላችሁን ሐኪም ጠይቁ። ከ300 በላይ ሆኖ አልወርድ ካለ፣ ወይም ውሃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ ሽንትና ማስመለስ ከመጣ ዛሬውኑ ሆስፒታል። ከመጀመሪያውም ስኳራችሁ በጣም ከፍ ብሎ ከሆነ እስኪስተካከል ቀጠሮውን ማራዘም ይሻላል።

ግፊትም በነዚህ ቀናት ትንሽ ሊጨምር ይችላል። ለኩት።

ፊት ሞቀኝ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ

ይህም ከስቴሮይዱ ነው። ፊትና አንገት ይሞቃል፣ ቀላ ያለ ቆዳ ላይ ይታያል፣ ጠቆር ያለው ላይ ግለቱ ብቻ ይሰማል። አንዳንዱ ሰው ሌሊት ዓይኑ ፈጦ ያድራል፣ ይነጫነጫል። በ2 ወይም 3 ቀን ይተዋል። ከሰዓት በኋላ ቡና ቀንሱ። የወር አበባ የሚያዩ ሴቶች ላይም ዑደቱ ለአንድ ጊዜ ሊዛባ ይችላል። የወር አበባ ካቆመች ዓመታት ያለፏት ሴት ደም ካየች ግን በመርፌው አታሳብብ፣ ትመርመር።

ከሳምንታት በኋላ፦ የተወጋው ቦታ ላይ ነጭ ነጥብ

እናቴ ላይ ይህም መጣ። በ2ኛው ወር ገደማ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ነጣ ያለ ቦታ፣ በጣት ሲዳሰስ ትንሽ ስርጉድ ያለ። ለማንም ሳትናገር በነጠላዋ ስትሸፍነው ነው ያየሁት። ለምጽ መስሏት ነበር። ሳይ አንጀቴ ተላወሰ።

ለምጽ አይደለም። አይጋባም፣ ሰውነት ላይም አይሰራጭም። መድኃኒቱ በመርፌው መንገድ ወደ ቆዳው ሥር ትንሽ ሲፈስ የቆዳውን ቀለም የሚሠሩ ሴሎች ይደክማሉ፣ ከሥሩ ያለው ስብም ይሳሳል። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይበልጥ ይታያል። ብዙ ጊዜ በወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ ይመለሳል፣ ጥቂት ሰው ላይ ግን ይቀራል። ከገበያ ቅባት ገዝታችሁ አትቀቡት። ለሚቀጥለው መርፌ ግን ለሐኪሙ አሳዩት፣ ቦታ ይቀይራል፣ መድኃኒቱንም ሊቀይር ይችላል።

ጄል ተወግቶ ጉልበት ያበጠ

የሃያሉሮኒክ አሲድ ጄል አንዳንዴ በ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ጉልበቱን ድንገት ያሳብጠዋል፣ በተለይ በ2ኛው ወይም በ3ኛው መርፌ ላይ። ሰውነት ጄሉን እንደ ባዕድ ቆጥሮት ነው። ችግሩ ከባክቴሪያው ኢንፌክሽን ጋር በዓይን አይለይም። ፈሳሹ ተቀድቶ ይታይ። ከዶሮ ኩክኒ (አናቱ ላይ ካለው ቀይ ሥጋ) የሚሠሩ ዓይነቶችም ስላሉ ዶሮ ወይም እንቁላል የማይስማማችሁ ሰዎች አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ከሳምንታት በኋላ ፊት እየሞላ፣ ሰውነት እየደከመ ሲሄድ

ይህ ለጥቂቶች ነው፣ ግን ዝም ማለት አልፈልግም። የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸው ውስጥ ሪቶናቪር ያለባቸው ሰዎች ትራያምሲኖሎን ከተወጉ ሪቶናቪሩ ስቴሮይዱ ከሰውነት እንዳይወጣ ይይዘዋል። አንዷ መርፌ ብዙ መርፌ ትሆናለች። ፊት ያብጣል፣ ጡንቻ ይደክማል፣ ስኳርና ግፊት ይወጣል። የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን በፍጹም አታቁሙ። ክትትል ወደምታደርጉበት ክፍል ሄዳችሁ የመርፌውን ስም ንገሩ። ለሚወጋችሁም ሐኪም በሩን ዘግታችሁም ቢሆን አስቀድማችሁ ንገሩት፣ መድኃኒት መምረጥ የሚችለው ሲያውቅ ነው። ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ) የምትወስዱና ቲቢ ታማችሁ የምታውቁም እንዲሁ።

በ2ኛው ወር ህመሙ ተመለሰ

መርፌው ተበላሽቶ አይደለም። ስቴሮይድ የመገጣጠሚያውን ቁጣ ያበርዳል እንጂ የተበላውን ካርቲሌጅ አይመልስም። እፎይታው ለጥቂት ሳምንታት ነው፣ አንዳንዱን ሰው እስከ 3 ወር ያቆየዋል።

"እንግዲያው ቶሎ ቶሎ ልወጋ" የሚሉ አሉ። አይሆንም። በአንድ ጉልበት በሁለት መርፌ መካከል ቢያንስ 3 ወር ይሁን። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 140 ሰዎችን ለ2 ዓመት ተከታትሏል። ግማሾቹ በየ3 ወሩ 40 ሚሊግራም ትራያምሲኖሎን፣ ግማሾቹ የጨው ውሃ ተወጉ። በመጨረሻ በህመም ረገድ ልዩነት አልተገኘም፣ ስቴሮይድ የወሰዱት ግን ካርቲሌጃቸው የበለጠ ሳስቷል። ለእኔ መርፌው ክፉ ቀን ማለፊያ ነው። በቀጠሮ እየተደገመ የሚኖር ነገር አይደለም።

ቀለል ባላችሁ ሳምንታት ጭኑን አጠንክሩ። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ መዘርጋት፣ እስከ 5 መቁጠር፣ ማውረድ። 10 ጊዜ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። እናቴ ቡናው እስኪፈላ ትጨርሰዋለች። ከዘራውንም በታመመው እግር በኩል አትያዙት፣ በደህናው በኩል ነው የሚያዘው። ክብደት መቀነስ የሚያስፈልገው ሰውም ጥቂት ኪሎ ሲቀንስ ጉልበቱ ያውቀዋል።

ጉልበታችሁን በቀዶ ጥገና ለማስቀየር ቀጠሮ ከያዛችሁ ደግሞ በፊት ባሉት 3 ወራት ይህን መርፌ አትወጉ፣ የቀዶ ጥገናውን ኢንፌክሽን ይጨምራል። ተወግታችሁም ከሆነ የተወጋችሁበትን ቀን ለቀዶ ሐኪሙ ንገሩት።