የማገዶ እርጥበት መለኪያ ለምትገዙ

ደብረ ብርሃንም ሆነ መንዝ፣ ብርዱ ሳይጠና የባህር ዛፍ ፍልጥ የምታስገቡ ሰዎች፣ ሻጩ «ደረቅ ነው» ስላለ ብቻ አትመኑ። ላዩ ደርቆ ውስጡ ውሃ የሆነ እንጨት ቤቱን በጭስ ይሞላል እንጂ አያሞቅም።

በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ አለች። ጫፏ ላይ ሁለት መርፌ ያላትን ምረጡ። መርፌ የሌላት ላዩ ልሙጥና ጠፍጣፋ የሆነ ጣውላ ስለምትፈልግ ለፍልጥ አትሆንም። አንዳንዷ ለእንጨትና ለግድግዳ የተለያየ ምርጫ አላት፣ እንጨት የሚለው ላይ አድርጓት።

ዋናው ነገር አለካኩ ነው። ቅርፊቱን ወይም የፍልጡን ጫፍ ብትወጉ ቁጥሩ ዋጋ የለውም፣ እሱማ ፀሐይ የመታው ነው። ከክምሩ መሀል (ሻጩ ከላይ የሚሰጣችሁን ሳይሆን) አንድ ወፍራም ፍልጥ መዝዙና በመጥረቢያ እንደገና ሰንጥቁት፣ ከዚያ አዲሱ ፊት መሀል ላይ ሁለቱን መርፌዎች ወደ እንጨቱ ርዝመት አሰልፋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ውጉ። ሦስት አራት ፍልጥ ሞክሩ። ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ምንም አታስቡ፣ ጫኑት። 25 ምናምን ካለ ዋጋ አስቀንሱና ዝናብ የማይነካው፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ደርድራችሁ አቆዩት። ከ30 በላይ ሲሆን መለኪያዋ ራሷ በደንብ ስለማትለይ፣ እርጥብ ነው ብላችሁ እለፉት።

ደግሞ የቀዘቀዘ እንጨት ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ያሳያል። በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ ከመለካት ፀሐይ ሞቅ እስኪል ጠብቁ።