ያረጀ ዳታቤዝ ወደ ጃንጎ ስታዞሩ እነዚህን አታድርጉ

በፒኤችፒና በማይኤስኪውኤል የተሠራ የቆየ ሲስተም ተረከባችሁ እንበል። ጃንጎ (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ ነው) ኢንስፔክትዲቢ የምትባል ትዕዛዝ አለችው፤ ቴብሎቹን አንብባ ሞዴል፣ ማለትም ቴብሉን የሚወክል የፓይተን ክላስ፣ ትጽፍላችኋለች። የመጀመሪያው ስህተት የጻፈችውን እንዳለ መቀበል ነው። ረቂቅ ነው እኮ! ዓይነቱ ያልገባትን ኮለም ቴክስትፊልድ (የጽሑፍ ዓይነት) ትለውና ግምት መሆኑን ጎኑ ጽፋ ታልፋለች። ቴብሎቹ በማይአይሳም (የማይኤስኪውኤል የቆየ የቴብል ዓይነት) የተሠሩ ከሆኑ ደግሞ ፎሪን ኪይ (አንዱን ቴብል ከሌላው የሚያገናኝ) ስለሌላቸው የደንበኛው አይዲ ተራ ቁጥር ሆኖ ይወጣል፤ ግንኙነቱን በእጃችሁ መጻፍ አለባችሁ።

ሁለተኛው፣ ሞዴሉ ውስጥ ያለውን ማኔጅድ ፎልስ የሚለውን መስመር ቸኩሎ ማጥፋት። ጃንጎ የቴብሉን ቅርጽ እንዳይነካ የሚያደርገው እሱ ነው። የድሮው ሲስተም እየሠራ ኮለም ላሳምር ብላችሁ ስም ከቀየራችሁ ያኔውኑ ይወድቃል። ስሙ ካስጠላችሁ በሞዴሉ ውስጥ ብቻ ቀይሩትና የድሮውን በዲቢ ኮለም (የኮለሙን እውነተኛ ስም ለጃንጎ የሚነግር የፊልድ አማራጭ) ያዙት። ጃንጎ ቴብሎቹን የሚረከብበት ጊዜ ሲደርስም ፌክ ኢኒሻል (ቴብሉ ካለ የመጀመሪያውን ማይግሬሽን እንደተሠራ የሚቆጥር አማራጭ) የሚያየው ቴብሉ መኖሩን እንጂ ውስጡ ከሞዴሉ ጋር መግጠሙን አይደለም።

የኛ አገር ሲስተም ከሆነ ትልቁ ጣጣ ቀን ነው። ብዙ ጊዜ የኢትዮጵያ ቀን በጽሑፍ ኮለም ተቀምጦ ታገኙታላችሁ፣ ያንን በቀጥታ ዴትፊልድ (የፈረንጅ ቀን ብቻ የሚቀበል የጃንጎ ዓይነት) ማድረግ ነው ስህተቱ። ጳጉሜ 13ኛ ወር ስለሆነች፣ ጥቅምት 30 ደግሞ 02-30 ተብሎ ስለሚጻፍ ኤረር ይመጣል። ኤረር የሚያመጣው እንኳን ደግ ነው፣ ታዩታላችሁ። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው፦ 2010-05-12 ማለት ጥር 12 ቀን 2010 ነበር፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ቀን 2018፤ ጃንጎ ግን ሜይ 12 ቀን 2010 ብሎ ይቀበለዋል፣ የሰው የቅጥር ዘመንም ሰባት ዓመት ከምናምን ወደኋላ ይሄዳል። ሌላ ኮለም ጨምሩና እየቀየራችሁ እዚያ ጻፉ፣ የድሮውን አትንኩት።

የመጨረሻው የፊደል ነገር ነው። ቴብሉ ላቲን1 (የአማርኛ ፊደል የሌለበት የቆየ ኢንኮዲንግ) ሆኖ አማርኛ ከተጻፈበት በድሮው ገጽ ላይ ደህና ይታይ የነበረው ስም በጃንጎ ሲነበብ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ቴብሉን ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (አማርኛንም የሚይዝ ኢንኮዲንግ) ኮንቨርት ያደርጋል፤ ያ የተበላሸውን እንደተበላሸ ያጸናዋል። መጀመሪያ ኮለሙን ብሎብ (ኢንኮዲንግ የሌለው ጥሬ ባይት) አድርጉት፣ ከዚያ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 መልሱት። መጀመሪያ በዳታቤዙ ኮፒ ላይ ሞክራችሁ ነው ታዲያ።