የድሮ ድምፅ የሚሰጥ ማይክና ፕሪአምፕ ሳይከስሩ እንዴት ይገኛል? ጅማ ላይ ሆኖ

የ60ዎቹን ሸክላ ሲሰማ ያደገ ሰው ቤቱ ሲቀዳም ያንን ወፈር፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ይፈልጋል። የሙላቱ አስታጥቄ ትውልድ ከተማ ጅማ ላይ ተቀምጠን ባንፈልግ ነበር የሚገርመው። ችግሩ ብዙ ልጆች ገንዘብ ሲይዙ መጀመሪያ የሚሮጡት ውስጡ ቲዩብ (የድሮ ሬድዮ ውስጥ የነበረው ዓይነት የመስታወት አምፖል) ወደሚበራበት ፕሪአምፕ (የማይክን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ) ነው። እኔ ግን በግልጽ ልናገር፦ መጀመሪያ ማይክ፣ ያውም ያገለገለ ዳይናሚክ (በማግኔትና በሽቦ ጥቅል የሚሠራ) ማይክ። ፕሪአምፑ ይደርሳል።

ለምን ዳይናሚክ? የድሮው ድምፅ የድሮ የሚመስለን የቀጭኑ ድምፅ ጫፍ የተከረከመ ስለሆነ ነው። ቴፑ ጫፉን ይበላዋል፣ ትራንስፎርመሩ የራሱን ይጨምራል፣ ባንዱም በጥቂት ማይክ ዙሪያ ተሰብስቦ ይቀዳ ነበር። የዛሬ ርካሽ ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ ካልተሰጠው የማይሠራው ማይክ) ተቃራኒውን ነው የሚሠራው። ብዙዎቹ ካፕሱላቸው (ድምፁን የሚቀበለው የውስጥ ክፍል) እ.ኤ.አ. በ1960 ከወጣው ኖይማን ዩ67 ከሚባለው ማይክ የተኮረጀ ነው። ዩ67 ግን ካፕሱሉ የሚያጋንነውን ቀጭን ድምፅ መልሶ የሚያበርድ ሰርኪዩት አለው። ኮፒዎቹ ካፕሱሉን ወስደው ሰርኪዩቱን ረስተውታል፣ ስለዚህ «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ ይበሳሉ። ቢኤም-800 እየተባሉ የሚሸጡትማ ወንፊታቸው ትልቅ ነው እንጂ ውስጣቸው ያለው ኤሌክትሬት የሚባል ትንሽዬ ርካሽ ካፕሱል ነው።

ደግሞ ጅማ እርጥብ ነው። ኮንደንሰር እርጥበት ሲገባው ይንጣጣል፣ ዳይናሚክ ግድ የለውም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ግን የትኛውም ማይክ አያድናችሁም። ያኔ ቡና አፍሉ።

ምን ይፈለግ? ሹር ኤስኤም57 እ.ኤ.አ. ከ1965፣ ኤስኤም58 ከ1966 ጀምሮ ብዙም ሳይለወጡ ይሠራሉ። አዲሱን ብትገዙም የድሮ ማይክ ነው የገዛችሁት። 58 ለዘፋኝ፣ 57 ለክራርና ለጊታር ይባላል፣ ውስጣቸው ግን በጣም ስለሚቀራረብ በተገኘው ጀምሩ። ዕድል ቀንቷችሁ ሴንሃይዘር ኤምዲ421 ወይም ሪፖርተሮች ይይዙት የነበረው ኤሌክትሮ ቮይስ 635ኤ ከተገኘ ብዙ አትከራከሩ።

ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ አዲስ ዕቃ አይቀመስም፣ ስለዚህ ፍለጋው ወደ ያገለገለው ነው። ሄርማታ መርካቶ ካለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በፊት የሰርግ ባንዶችን፣ የአዳራሽ ድምፅ የሚያከራዩትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቴፕና ሬድዮ የሚጠግኑትን ሰዎች ጠይቁ። ጠጋኝ ቤት መደርደሪያ ሥር ባለቤቱ ረስቶት የሄደ ማይክ አይጠፋም። ከመሥሪያ ቤት ወይም ከቤተ እምነት ወጣ የሚባል ዕቃ ከሆነ ግን እንዴት እንደወጣ የሚመሰክር ሰው ይኑር፣ ኋላ ጣጣ ነው።

ቴሌግራም ላይ ከአዲስ አበባ የሚለጠፍ ብዙ አለ። ከ350 ኪሎ ሜትር ላይ ፎቶ አይቶ ገንዘብ መላክ አልመክርም። እዚያ ዘመድ ካላችሁ ሄዶ ይመዝንላችሁ። አዎ፣ ይመዝን! ኦሪጅናል 58 ያለ ኬብል 298 ግራም ነው፣ 57 ደግሞ 284። ፌኩ ብዙ ጊዜ ትራንስፎርመር ስለሌለው ይቀላል። ቅመም ቤት ያለችው ዲጂታል ሚዛን ትበቃለች። ኮረሪማ የምትመዝነው ሴትዮ «ይሄ ደግሞ በኪሎ ስንት ነው?» ብትል እንዳትደነግጡ። ክብደቱ ልክ መሆኑ ብቻውን ኦሪጅናል አያደርገውም፣ በደንብ ከቀለለ ግን ጨዋታው እዚያው አለቀ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ፍተሻው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

በሻጩ ስፒከር የተሰማን ድምፅ አትመኑ። ትልቅ ስፒከር ላይ ኤኮ ተጨምሮበት ሁሉም ማይክ ያምራል። የራሳችሁን ኬብል፣ ሳውንድ ካርድ (ማይኩን ከላፕቶፑ የሚያገናኘውን ሳጥን)፣ ላፕቶፕና ሄድፎን ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ማይኩን ጆሮ አጠገብ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት። የሚንኳኳ ነገር ካለ ካፕሱሉ ተፈትቷል ወይም ውስጡ የተሰበረ ነገር አለ። ከዚያ ሰክታችሁ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ አንድ፣ ሁለት» ሳይሆን «ጳጉሜ»፣ «ጠጠር»፣ «ፀሐይ» በሉ። እነዚህ የእኛ ድምፆች ማይክን ያጋልጣሉ። «ጰ» ላይ ትንሽ ቡፍ ቢል የአፋችሁ ነፋስ ነው፣ ያለ ነው። እየተንኮሻኮሸ ከሰነጠቀው ግን ሽፋኑ ተጎድቷል፣ ወይም ማግኔቱ ባለፉት ዓመታት የሰበሰበው የብረት ብናኝ ሽፋኑ ላይ ተቀምጧል። የማይኩን አካል በእጅ ስትነኩ ሁምታው (ከኋላ «እምም» የሚለው ድምፅ) ከተለወጠ ግራውንዱ አንድ ቦታ ለቋል። ድምፁ ቀጭንና ሩቅ ሆኖ ወፍራሙ ጠፍቶ ከሆነ ከሁለቱ የድምፅ ሽቦዎች አንዱ ተቆርጦ ይሆናል።

ቀጥሎ ቴስተር። ኦም ላይ አድርጉትና ጫፎቹን የማይኩ መሰኪያ ውስጥ ካሉት ሦስት ፒኖች ፒን 2 እና ፒን 3 ላይ አስነኩ። ጤነኛ ዳይናሚክ ከሆነ ልክ ስታስነኩ ካፕሱሉ ውስጥ ቀጭን «ጠቅ» ይሰማል። ከቴስተሩ ባትሪ የወጣችው ትንሽ ኤሌክትሪክ ኮይሉን ገፍታው ነው። ምንም ንባብ ከሌለ ሽቦ ተቆርጧል፣ ድፍን ዜሮ ከሆነ ሾርት አለ። የተቆረጠ ሽቦ ሁሉ መጥፎ ዜና አይደለም። ብዙ ጊዜ የለቀቀው መሰኪያው ላይ ያለው ሊድ ነው፣ ጠጋኙ ወዲያው ይበይደዋል፣ እናንተም ዋጋ ማስቀነሻ አገኛችሁ። ማስጠንቀቂያ፦ ሪበን ማይክ ላይ ቴስተር በፍጹም አታስነኩ። ውስጡ ድምፁን የሚቀበለው የአልሙኒየም ጥብጣብ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ነው፣ በዚህችው ኤሌክትሪክ ሊበላሽ ይችላል።

የድሮ ማይክ ገመዱ ጫፍ ላይ ወፍራም የጊታር ጃክ ካለው ኢምፒዳንሱ (የኤሌክትሪክ ተቃውሞው) ከፍተኛ ሊሆን ይችላል። ተራው የማይክ መግቢያ ላይ ድምፁ ይታፈናል። ሳውንድ ካርዱ ላይ የጊታር መግቢያ ውስጥ ሰክታችሁ ሞክሩት እንጂ «ሞቷል» ብላችሁ አትመልሱት። ገመዱም አጭር ይሁን፣ ረጅም ገመድ የእነዚህን ቀጭን ድምፅ ይበላል።

ማይኩ ተገኘ። ፕሪአምፕስ? ለብዙ ሰው ሳውንድ ካርዱ ውስጥ ያለው ይበቃል፣ በተለይ ጮክ ብሎ ለሚዘፍን። ቀስ ብሎ ለሚያንጎራጉር፣ ወይም እንደ ኤስኤም7ቢ ያለ ድምፁ ዝቅተኛ የሆነ ማይክ ለያዘ፣ ፌትሄድ ወይም ክላውድሊፍተር የሚባል ትንሽ ማጉያ በማይኩና በሳውንድ ካርዱ መሃል ገብቶ ወደ 25 ዴሲቤል ይጨምራል። 48 ቮልት ፋንተም (ሳውንድ ካርዱ በማይኩ ኬብል የሚልከው ኤሌክትሪክ) ይፈልጋል፣ ወደ ማይኩ ግን አያሳልፈውም። የሚበራውን ቲዩብ እንተወው ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። 12ኤኤክስ7 የሚባለው ቲዩብ እንደ ደንቡ እንዲሠራ ከ200 ቮልት በላይ ይሰጠዋል። ርካሾቹ በጣም ባነሰ ቮልት ነው የሚያንቀሳቅሱት። አንዳንዶቹማ ከቲዩቡ ኋላ ኤልኢዲ አምፖል አብርተው ነው የሚያሞቁን።

እውነተኛ የድሮ ፕሪአምፕ ከፈለጋችሁ ማንም የማይፈልገውን የካሴት ዴክ ፈልጉ። ፊቱ ላይ የማይክ መግቢያ ያለው ስቴሪዮ ይሁን። ተንጠልጣይ ሬድዮ ቴፕ አይሆንም፣ ድምፁን በራሱ እየጨመረና እየቀነሰ ያስተነፍሳል። ለኬብሉ ፒን 2ን ከጃኩ ጫፍ፣ ፒን 1 እና 3ን አንድ ላይ ከጃኩ አካል ጋር አስበይዱ። ይህን ኬብል ፋንተም በበራበት መግቢያ አትጠቀሙበት። ከዴኩ ኋላ ካሉት ቀይና ነጭ መውጫዎች ወደ ሳውንድ ካርዱ የላይን መግቢያ ይገባል። ብዙዎች እዚህ ላይ «አይሠራም» ብለው ይጥሉታል፣ ምክንያቱም ዴኩ ማይኩን ወደ ውጭ የሚያወጣው ሪከርድና ፖዝ አንድ ላይ ሲጫኑ ነው። ሪከርድ ደግሞ ካሴት ካልገባበት፣ ካሴቱም ከላይ ያለችው መከላከያው ከተሰበረች፣ አይጫንም። ቀዳዳዋን በፕላስተር ሸፍኗት። የዴኩ የድምፅ መለኪያ መርፌ ዜሮን አለፍ አለፍ እስኪል ስጡት። የቴፑንም ጣዕም ከፈለጋችሁ ፖዙን ልቀቁና ካሴቱ ላይ ቅዱ፣ ከዚያ መልሳችሁ እያጫወታችሁ ወደ ላፕቶፑ አስገቡት። የዴኩን ሄድ (ቴፑ የሚነካውን ብረት) አስቀድማችሁ በአልኮልና በጥጥ ጥረጉት።

ሁምታ ካስቸገረ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ቅዱ። ግማሹ ችግር እዚያው ነው የሚያልቀው።

ክፍሉን በፍራሽና በጋቢ አፍኑት። ከማይኩ አንድ ስንዝር ራቁ፣ ስትጠጉ ወፍራሙ ድምፅ ይጨምራል፣ እንደ ልባችሁ አስተካክሉ። ላፕቶፑ ላይ ከፍተኛው ድምፅ ከ−10 ዴሲቤል ብዙም አይለፍ። ማሲንቆ ከሆነ ደግሞ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት፣ የቀስቱ ፉጨት ይበርዳል።

ያገለገለ ማይክ አፍ ላይ ከመቅረቡ በፊት ወንፊቱ የሚፈታ ከሆነ ፈታችሁ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጠቡት። ውስጡ ያለው ስፖንጅ እየተፈረፈረ ከሆነ አውጥታችሁ ጣሉት፣ ዱቄቱ ካፕሱሉ ውስጥ ይገባል። በክረምት ወንፊቱ ቶሎ አይደርቅም፣ ስለዚህ ማታ አጥባችሁ ጠዋት ግጠሙት።