የፖሊሽ ማሽን ፓድ እንዴት ይመረጣል? መጀመሪያ ጥርሱን እዩ

ጎጃም ውስጥ በሬ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ቀንዱና መልኩ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ግን የመኪና ፖሊሽ ማሽን ፓድ፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ተይዞ ቀለሙን የሚያሸውን ስፖንጅ ወይም ሱፍ፣ የገዛሁት መልክ አይቼ ነው። አዲስ አበባ ሄድኩ። ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ጥቁር ስፖንጅ መረጥኩ። ሁለት ሱፍና ፓዱ የሚለጠፍበት አንድ አዲስ ሳህን ጨመርኩ። ፌስታሉን ታቅፌ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዝኩ፣ የዓባይን በረሃ ወርጄ ወጣሁ፣ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ማታውኑ ማሽኑ ላይ ልሰር ብል እምቢ አለኝ። የሳህኑ ጥርስና የማሽኑ ጥርስ፣ ማለትም እንደ ብሎን የሚጠመዘዙበት ጠመዝማዛ መስመር፣ አይተዋወቁም።

በሻጩ መፍረድ አልችልም። "ማሽንህ ምን ዓይነት ነው?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። "ሰማያዊ ነው" አልኩት።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ማሽኑ፣ ቀጥሎ ጥርሱ፣ ቀጥሎ ፓዱን ተሸክሞ የሚዞረው ክብ ነገር፣ ከዚያ ፓዱ። ክቡን ነገር ፕሌት የሚለውም አለ፤ እኔ እዚህ ሳህን እለዋለሁ። የፓዱ ቀለም መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው።

1. ማሽኑን እወቁት

ከሶኬት ንቀሉትና ሳህኑን በእጃችሁ አዙሩት። መሃሉ ከቦታው ሳይነቃነቅ ክብ ብቻ ከዞረ ሮታሪ ነው። መሃሉ ወዲያ ወዲህ እየሸሸ ከዞረ ደግሞ ዲኤ የሚባለው፣ እየዞረ የሚወዛወዝ ማሽን ነው። የአንዱ ሳህን ለሌላው አይሆንም።

ሮታሪ ጉልበተኛ ነው። ጭረት ቶሎ ያነሳል፤ ካልተጠነቀቁለት ቀለሙንም አብሮ ያነሳዋል። ዲኤ ረጋ ያለ ነው። በኃይል ሲጫኑት መዞሩን ትቶ መንቀጥቀጥ ብቻ ይጀምራል፤ ቀለም ማቃጠሉ ከሮታሪ በጣም ያነሰ ነው። ለጀማሪ ዲኤ እመክራለሁ። ስራ በዝቶበት ቀኑን ሙሉ የሚለፋ ጋራዥ ግን ሮታሪን አይተውም፣ እውነቱን ነው።

ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለው ግን ግራይንደር ነው። 115 ወይም 125 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚይዘው ግራይንደር ጥርሱ ብዙ ጊዜ ከፖሊሽ ማሽን ጋር አንድ ነው። ሳህኑ ልክክ ብሎ ይገባል። መግባቱ ነው ሰውን የሚያታልለው። እንዲህ ያለ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይዞራል። ፖሊሽ ማሽን የሚሰራው ከ600 እስከ 3,000 ባለው ውስጥ ነው። 150 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፓድ በደቂቃ 1,500 ሲዞር ዳሩ የሚሮጠው በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እንደ ባጃጅ በሉት። በ11,000 ሲዞር ግን በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስፖንጁ ይበታተናል፣ ፓዱን ሳህኑ ላይ የሚይዘው ቬልክሮ ይቀልጣል፣ ቀለሙም ይቃጠላል። ፍጥነት መቀነሻ ከሌለው ግራይንደሩን ለብረት ተዉት።

ሌላ ነገር፦ ማሽኑ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ አንብቡ። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው 110 ወይም 120 ቮልት የሚል ማሽን በቀጥታ ከተሰካ ስራው በጭስ ይጀምራል።

2. ጥርሱን ለኩ

እኔ የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው። ሮታሪ ማሽኖች ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነት ጥርሶች ናቸው። አንደኛው ኤም 14 ይባላል፤ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 2 ሚሊ ሜትር። ለአውሮፓና ለአብዛኛው እስያ ገበያ የሚሰራው ይህ ነው። ሁለተኛው የአሜሪካው ነው፤ ውፍረቱ 5/8 ኢንች፣ ማለትም 16 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው።

የ14ቱ ሳህን በ16ቱ ማሽን ላይ ጭራሽ አይገባም። የኔ እንደዚያ ነበር፣ እድለኛ ነኝ። የሚያስፈራው ግልባጩ ነው። የ16ቱ ሳህን በ14ቱ ማሽን ላይ ላላ ብሎ ይገባል። የገባ ይመስላል። ማሽኑ ሲነሳ ግን ሳህኑ ይወላገዳል፣ ተወርውሮም ሊወጣ ይችላል። "ትንሽ ክር ጠቅልልበት፣ ይይዛል" የሚል መካሪ አይጠፋም። አትስሙት።

መለኪያ ከሌላችሁ ቀላል ዘዴ አለ። ከብሎን መሸጫ አንድ ኤም 14 ብሎን ግዙ። ስትጠይቁ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ ጋራዥ ውስጥ "14 ብሎን" ከተባለ በ14 ቁልፍ የሚፈታውን ሊሰጧችሁ ይችላሉ። የምትፈልጉት ግንዱ ራሱ 14 ሚሊ ሜትር የሚወፍረውን ነው፤ ጭንቅላቱ በ21 ወይም በ22 ቁልፍ የሚፈታውን። ብሎኑን በአሮጌው ሳህናችሁ ውስጥ በእጅ አስገቡት። ሳይጨናነቅ፣ ሳይወዛወዝ እስከ ውስጥ ከገባ ማሽናችሁ ኤም 14 ነው። ከዚያ ብሎኑን ኪስ ከታችሁ ገበያ ሂዱ። የምትገዙትን ሳህን እዚያው ሱቅ ውስጥ ሞክሩበት። ሦስት ኪሎ ማሽን ተሸክሞ ከመዞር ይሻላል።

ዲኤ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ሳህኑ የሚያዘው መሃል ላይ ባለ ቀጭን ብሎን ነው። አንዳንዱ ኤም 8 ነው፣ አንዳንዱ 5/16 ኢንች። ሁለቱ ለዓይን አንድ ናቸው፤ የውፍረት ልዩነታቸው ከሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ያነሰ ነው። የጥርሳቸው ርቀት ግን ይለያያል። ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ ከጠነከረ አቁሙ። በጉልበት ከቀጠላችሁ ጥርሱ ይበላል፣ የማሽኑም እድሜ እዚያው ያበቃል። ውዝዋዜያቸው 15 ወይም 21 ሚሊ ሜትር የሆነ ትልልቅ ዲኤዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ሳህን ነው የሚፈልጉት፤ ሚዛናቸው የተስተካከለው በሱ ነው።

3. ሳህኑና አያያዙ

ሳህኑ ከፓዱ ማነስ አለበት። 150 ሚሊ ሜትር ፓድ ካላችሁ 125 ሚሊ ሜትር ሳህን ያዙለት። የስፖንጁ ዳር ዙሪያውን ትርፍ ካልሆነ ጠንካራው የሳህኑ ጠርዝ አንድ ቀን ኮፈኑን ይነካዋል። አንድ ጊዜ ከነካው ደግሞ ምልክቱ በፖሊሽ አይጠፋም።

ፓድ ሳህን ላይ የሚያዝበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው። በገመድ የሚታሰር፣ እንደ ኮፍያ የሚጠለቅ ሽፋን አለ። ሰም ለማዳረስ ይሆናል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። ሳህን የማያስፈልገው፣ በቀጥታ በብሎን የሚታሰር ባለ ሁለት ፊት ሱፍም አለ። ጠንካራ ነው፣ በቀላሉ አይለቅም፤ ግን ለሮታሪ ብቻ ነው፣ ለመቀየርም ጊዜ ይወስዳል።

ዛሬ ገበያውን የያዘው ቬልክሮ ነው። ቬልክሮን ያሰበው ጆርጅ ደ ሜስትራል የሚባል የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ከውሻው ጋር ሲንሸራሸር ልብሱ ላይና የውሻው ፀጉር ላይ የተጣበቀውን የእሾህ ፍሬ በማይክሮስኮፕ አየው። እኛም ጋር ጭጎጎት የሚያውቅ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። በትንንሽ መንጠቆ ነው የሚይዘው። ሳህኑ ላይ ያለው መንጠቆው ነው፤ ፓዱ ጀርባ ላይ ያለው ለስላሳው የክር ቀለበት ነው።

ጠላቱ ሙቀት ነው። መንጠቆው ፕላስቲክ ስለሆነ ሲግል ይለሰልስና ይተኛል። በመንጠቆው መሃል የሱፍ ብናኝና የደረቀ ፖሊሽ ሲጠቀጠቅም አይዝም። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈቅፍቁት። ሁልጊዜ ከስራ በፊት ፓዱን ለጥፉና በመዳፋችሁ ወደ ጎን ግፉት። ከተንሸራተተ ሳህኑ አልቋል ማለት ነው። ብዙ ሰው ፓዱን ይወቅሳል፤ የሚያልቀው ግን ብዙ ጊዜ የሳህኑ መንጠቆ ነው።

ስትለጥፉት መሃሉን ከመሃሉ ጋር አግጥሙ። ቀዳዳ ያለው ፓድ ለዚህ ይመቻል። በዝቅተኛ ፍጥነት አንዴ አስነሱና አጥፉ። እጃችሁ ላይ የሚረብሽ ንዝረት ካለ ፓዱ ወደ አንድ ወገን ሄዷል። ስትነቅሉት ደግሞ ከዳር ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ላጡት። ትኩስ ከሆነ ትንሽ ጠብቁ፤ ያን ጊዜ ማጣበቂያው ለስልሷል፣ ስፖንጁና ጀርባው ይለያያሉ።

4. አሁን ወደ ፓዱ

ሱፍ ይቆርጣል፣ ማለትም የቀለሙን ላይ በኃይል ፍቆ ጭረት ያነሳል። በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ቀለም፣ ፀሐይ ያደበዘዘው የቆየ ኮሮላ፣ ከቁጥቋጦ ጋር ሲታገል የኖረ ፒክአፕ፣ እነዚህ የሱፍ ስራ ናቸው። ከኋላው ግን ክብ ክብ ጭረት ይተዋል። ፀሐይ ላይ ሲወጣ ይታያል። ስለዚህ ከሱፍ በኋላ ስፖንጅ ግድ ነው።

ሱፉ እውነተኛ ይሁን አርቴፊሻል እንዴት ይታወቃል? እኔ የተማርኩት ከአንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ ነው። "ጋሼ፣ ይሄ ንጹህ ሱፍ ነው ተብዬ ገዛሁ" ብዬ ሰጠኋቸው። ምንም አላሉም። ከፓዱ ጥቂት ክር ነጭተው ክብሪት ለኮሱበት። ክሩ ቀልጦ እንደ ፕላስቲክ ጠጠር ሆነ። "በል አሽትተው" አሉኝ። እውነተኛ ሱፍ ሲቃጠል የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል እንጂ አይቀልጥም። አርቴፊሻሉ ስራ አይሰራም ማለት አይደለም፤ በእውነተኛ ሱፍ ዋጋ አትግዙት ነው።

"አጎዛ ቆርጬ ብሰራስ?" ያለኝ ወዳጅ አለ። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም፤ የበግ ቆዳ ፓድ በዓለም ላይ አለ። የኛው የዋሸራ በግ ግን ፀጉሩ አጭር ነው። በእጅ የተቆረጠ ክብም ሚዛን አይጠብቅም።

ስፖንጅ ሦስት ደረጃ አለው፦ ደረቁ ይቆርጣል፣ መካከለኛው ያስተካክላል፣ ለስላሳው ያበራል። ቀለማቸውን አትመኑ። የአንዱ ፋብሪካ ብርቱካናማ ቆራጭ ነው፣ የሌላው ብርቱካናማ ማስተካከያ። የጋራ ሕግ የላቸውም። በአውራ ጣት ጫን በሉት። እንቢ ብሎ ቶሎ የሚመለስ ከሆነ ቆራጭ ነው፤ እንደ ትኩስ ዳቦ የሚሰምጥ ከሆነ ማብሪያ ነው። ለዲኤ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቀጭን ስፖንጅ ይሻላል፤ ወፍራሙ የማሽኑን ውዝዋዜ ይውጠዋል። ማይክሮፋይበርም አለ፤ ዲኤ ላይ ጥሩ ይቆርጣል፣ ግን ቶሎ በአቧራ ይደፈናል።

ስንት ልግዛ ካላችሁ፣ ለአንድ ኮሮላ ከያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ ሦስት። አንድ ፓድ ሙሉ መኪና አይችልም፤ ይረጥባል፣ ይግላል። በጀት ከጠበበ ሱፉን ትታችሁ መካከለኛውን ስፖንጅ አብዙ።

5. ሙከራ

መኪናው ከላቫጆ ቢመጣም እንደገና እጠቡት። በበጋ አቧራ ከመንገድ ዳር እስከ እናንተ በር ድረስ በቂ ነው። ፓዱ ስር የገባች አንዲት አሸዋ የቀኑን ስራ ታበላሻለች። ጥላ ውስጥ አስገቡት። ጠርዝና ማጠፊያውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፤ ቀለም ቀድሞ የሚሳሳው እዚያ ነው።

ከዚያ በነጭ ጨርቅ ትንሽ ፖሊሽ አድርጉና አንድ ቦታ እሹ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ላዩ ላይ ክሊር፣ ማለትም ቀለሙን የሚሸፍነው ብርሃን አሳላፊ ንብርብር፣ የለም። በተደጋጋሚ የተቀቡ ሚኒባሶች ላይ ይህ ያጋጥማል። ፓዱም ቀለም ይይዛል፣ አትደንግጡ፤ ግን እሱን ፓድ ለሌላ መኪና አታዛውሩት። ክሊር ካለው ደግሞ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 ማይክሮን ነው። ከሰው ፀጉር ይቀጥናል። ያላችሁ ያ ብቻ ነው።

ኮፈኑ ላይ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ቦታ ምረጡ። በለስላሳው ፓድ ጀምሩ። ካልበቃ ወደ መካከለኛው፣ ካልበቃ ወደ ደረቁ ሂዱ። ከደረቁ የሚጀምር ሰው ሳያስፈልግ ቀለም ይጨርሳል። የእጃችሁን ጀርባ ብረቱ ላይ አሳርፉ፤ ማቆየት ካቃታችሁ ግሏል፣ ቦታ ቀይሩ። ዲኤ ከሆነ ሳህኑ ጀርባ ላይ በማርከር አንድ መስመር ስሩ። መስመሩ ሲዞር ካላያችሁ ብዙ ተጭናችኋል።

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምታደርጉት ማሽኑን ማጥፋት ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች የሚቆለፍ ማብሪያ አላቸው። ማሽኑን ኮፈኑ ላይ አስቀምጣችሁ ቡና ልትጠጡ ብትሄዱ፣ መብራቱ ሲመለስ እናንተ ሳትኖሩ ስራውን ይቀጥላል።

ማታ ፓዶቹን በለብ ያለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ። አትጠምዝዙ፣ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ። ሱፉን በማበጠሪያ ፍቱት። ፀሐይ ላይ አታስጡ፤ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይደሩ። ሳህኑን ግን ከማሽኑ ፈትታችሁ ጥርሱን በጨርቅ ጥረጉ። ፖሊሽ እዚያ ከደረቀ ሌላ ቀን በቁልፍም አይፈታም።