ሱሉልታ ላይ ውርጭ የሚችል ገብስና ስንዴ እንዴት ይፈተሻል?

ሱሉልታና ሰንዳፋ አካባቢ ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል። ሰብሉ አበባ ላይ ከደረሰበት ዛላው ቆሞ ይቀራል፤ ፍሬ ግን አይዝም። ስለዚህ የሙከራ ማሳው ከውርጭ የሚሸሽ ሳይሆን ውርጭ የሚያገኘው መሆን አለበት።

ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚወርድ ከተዳፋቱ ይልቅ ሜዳውን ይምረጡ። አፈሩ ጥቁር ከሆነ ማጠንፈፊያ ቦይ ያውጡ፤ ያለዚያ ውሃ ተኝቶበት የቀጨጨውን ሰብል ውርጭ መታው ይላሉ።

አራት ወይም አምስት ዝርያ ይበቃል። ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ኤችቢ-1307 ገብስ አንዱ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት የሚዘራው የአገሬው ገብስ ግን እንዳይቀር፤ ማነጻጸሪያው እሱ ነው። በረዶ አገር ከብርዱ ወራት በፊት ተዘርቶ የሚከርመው የስንዴ ዓይነት እዚህ አያዋጣም። እንዲያዘረዝር ለሳምንታት ያልተቋረጠ ብርድ ይፈልጋል፤ የኛ ብርድ የሌሊት ነው፣ ቀን ፀሐይ ያሞቀዋል።

ከመዝራትዎ በፊት ከእያንዳንዱ ዝርያ 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ከሳምንት በኋላ የበቀለውን ይቁጠሩ። 85 ካልሞላ ዘሩን ይቀይሩ። አንድ መደብ 2.5 ሜትር የሚረዝሙ 6 መስመሮች ይኑሩት፤ በመስመሮቹ መሃል 20 ሳንቲሜትር ይተዉ። ይህ 3 ካሬ ሜትር ነው፤ በሄክታር 125 ኪሎ ሲሰላ 37.5 ግራም ዘር ይወስዳል። እያንዳንዱ ዝርያ ሦስት ቦታ ይዘራ፣ ቦታውም በዕጣ ይውጣ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ቀጥሎ ያለውን ነው። ሙሉውን ሙከራ አንዴ ሰኔ አጋማሽ፣ አንዴ ሐምሌ አጋማሽ ይዝሩ። ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ውርጩ ሳይመጣ ያመልጣል። ማምለጡ ለገበሬው ትልቅ ጥቅም ነው፣ ግን ውርጭ ቻለ አያሰኝም። መቻል አለመቻሉን የሚያሳየው ዘግይቶ የተዘራው ነው።

የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር በዛላው ቁመት ይትከሉ፤ ከፍ አድርገው ከሰቀሉት ታች የወረደውን ውርጭ ላያሳይ ይችላል። ውርጩ ከወረደ ከሳምንት በኋላ ከየመደቡ 20 ዛላ ሳይመርጡ ይቁረጡና ፍሬ ፍሬውን በአውራ ጣት ይጫኑት። ጤነኛው ወተት ያወጣል፤ የተመታው ገለባው ብቻ ይጨማደዳል። ባዶውን ቆጥረው ይመዝግቡ።

ሲያጭዱ የዳርና የዳር መስመሮቹን ይተዉ፤ ብርሃንም ቦታም ስለሚያገኙ ሚዛኑን ያሳስታሉ። የመካከለኞቹ አራት መስመሮች 2 ካሬ ሜትር ናቸው፤ ግራሙን በ5 ሲያባዙ ኪሎ በሄክታር ይሆናል። 600 ግራም 30 ኩንታል ማለት ነው። ውርጭ ሳይወርድ ያለፈ ዓመት ስለ ምርት እንጂ ስለ ብርድ ምንም አይነግርም፤ ያኔ ሙከራውን ለከርሞ ይድገሙት።